የረገበው ቢጫ መስመር

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሥዕሉ ተቆርጦ ተገኘ። ስድስት ሰዓት ላይ ደህና ነበር። በምሳ ሰዓት አንድ ሰው ወደ ዲላው አሮጌ የባህል አዳራሽ ገብቶ፣ ሥዕሉን ከግድግዳ አውርዶ፣ ከታች በስተግራ ጥግ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆርጦ ወስዶ፣ የቀረውን መልሶ ሰቅሎታል። አሰቃቀሉም ቀጥ ያለ ነው። ኢንስፔክተር ታሪኩን መጀመሪያ ያናደደው ይኼው ነበር፤ ሌባ የዘረፈውን ቤት ጠርጎ አይወጣም።

ሥዕሉ «ሬኮ፣ ከሰዓት በኋላ» ይባላል። በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት የሣለው ሠዓሊ ገሪማ፣ ባሕር ማዶ ተምረው አዲሱን አሣሣል ይዘው ከተመለሱት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ከዲላ ወጣ ያለው የሬኮ ኮረብታ በሦስት አረንጓዴ ገበታ ተከፍሏል። ዛፎቹ ሰማያዊ ናቸው፤ እንሰቱ የተከፈተ መቀስ ይመስላል። ከላይ ከቀኝ ጥግ ተነሥቶ እስከ ታች ግራ ጥግ ድረስ ደግሞ አንድ ቢጫ መስመር ኮረብታውን ያቋርጠዋል። ዲላ ተምሮ ይህን ሥዕል ያላየ የለም። አዳራሹ ድሮ የትምህርት ቤት የሥዕል ክፍል ነበር፤ መምህር ተክለማርያም ለሠላሳ ምናምን ዓመታት የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ሥዕሉ ፊት እያቆሙ «ይህ ቢጫ መስመር ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ኖረዋል። መልሱ የፀሐይ ጮራ ነው። ታሪኩም ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበር።

የአዳራሹ ጥሪ ሲመጣ ሳጅን ትጊ ጥብሷን አልጨረሰችም ነበር። እጇን በወረቀት እየጠረገች ተከተለችው። አዳራሹ በር ላይ እንደደረሱ ኮማንደር ከፈለኝ ደወሉ።

«ሥዕሉን ለኤግዚቢሽን ልትወስድ ከአዲስ አበባ የመጣች ባለሙያ ፊት ተዋረድን» አሉ። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«ጥበቃው ጋ። አማኑ ይባላል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ታሪኩ ምንም አልጠበቀም። ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ምላጭ ተገኘ። አማኑ ጢሙን የሚላጭበት መሆኑን አገጩ ላይ ያለው ጭረት ሁሉ ይመሰክር ነበር፤ ግን አገጭን ማን ይጠይቃል? ሰኞ ዕለት ደግሞ አማኑ «ይኼ ጨርቅ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው እኔ ነኝ? ምነው ተቃጥሎ በተገላገልኩ!» ብሎ ሲጮህ አራት ሰው ሰምቶታል። በምሳ ሰዓት የት ነበርክ ሲባል «ቤቴ ተኝቼ» አለ፤ ምስክር የለውም። መኪናው ነዳጅ ስላልነበረው ታሪኩ የሃምሳ ሁለት ዓመቱን ሰውዬ፣ የመዘምራን መሪውን አማኑን፣ ካቴና አግብቶ በገበያው መሃል በእግሩ ወሰደው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ታሪኩ ተረቱን ያውቃል፤ ያን ቀን ግን ትዝ አላለውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአማኑ ልጅ ትንቢት የአባቷን ራት በሳህን ቋጥራ ጣቢያ መጣች። አላለቀሰችም። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆመች።

«ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣብናል፣ ጋሼ» አለችው። «እኔን ለመጠየቅ።»

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ ታሪኩ።

«የልጁ እናት ዛሬ ገበያ ላይ ነበረች። አባቴን በካቴና አይታዋለች።»

«ካላጠፋ ይፈታል፣ ልጄ። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ካቴናውን ያየ ሁሉ መፈታቱን ያያል?»

ሳህኑን ትታ ወጣች። ታሪኩ ያን ዕለት ራት አልዋጥልህ አለው፤ ሚስቱ ጨው በዛበት ወይ ብላ ጠየቀችው።

ሐሙስ ጠዋት ከትጊ ጋር ተመልሰው አዳራሹ ሄዱ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ስላላቆመ ቆርቆሮው ይጮኻል። ትጊ ጣቷን በቁርጡ ጠርዝ ላይ ቀስ ብላ አስኬደችና አሸተተችው።

«ሙጫ ነው» አለች። «የቆረጠው ሰው ጠርዙን ዙሪያውን ሙጫ ቀብቶታል።»

«ለምን?»

«ክሩ እንዳይተረተር ነዋ! እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የተቆረጠ ጨርቅ ጠርዙ ካልተያዘ ዕድሜ የለውም። ደግሞ እየው፣ በማስመሪያ ነው የቆረጠው።»

ምነው በተቃጠለ ያለ ሰው ሙጫ አይቀባም። ይህን ሥዕል የቆረጠው የሚወደው ሰው ነው። ካቴናው የገባው በንጹሕ ሰው እጅ መሆኑ ታየው።

ባለሙያዋ ብሌን ሠላሳ ያልሞላት፣ ስልኳን ከእጇ የማትለይ ልጅ ናት። ታሪኩ ፊት ለፊቷ ወንበር ሳበ።

«ማክሰኞ ዕለት ለአዳራሹ ጸሐፊ ‘ከጨርቁ ናሙና መውሰድ እፈልጋለሁ’ ብለሻል።»

«ክር ነው ያልኩት! አንድ ክር፣ ዕድሜውን ለማወቅ። እና መዳፍ የሚያክል ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ልክተት? ጋሼ፣ ሲሪየስሊ?»

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ይርጋጨፌ ከሦስት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ነበረች። ሦስቱም በስልክ አረጋገጡለት፤ አንደኛው ምን እንደበላችና ማን እንደከፈለ ጭምር ነገረው። ታሪኩ ይቅርታ ጠየቃት። የዚያ ሳምንት የመጀመሪያ ይቅርታው ነበር።

«የጠፋችው ቁራጭ ላይ ምን ነበር?» አላት።

ብሌን ቅዳሜ ዕለት ያነሣችውን ፎቶ አውጥታ በሁለት ጣቷ አጎላችው። ቢጫው መስመር የሚያልቅበት ጥግ ላይ ሦስት የብሩሽ ጭረቶች አሉ፤ አንድ ቡናማ፣ አንድ ነጭ፣ ከላያቸው አንዲት ጥቁር ነጥብ።

«እኔ ሰው ነው የሚመስለኝ» አለች። «መምህር ተክለማርያም ግን ስለ ሥዕሉ በጻፉት ጽሑፍ ‘ቁጥቋጦ’ ነው ያሉት። ቅዳሜ ራሳቸውን ጠየቅኳቸው፤ ቁጥቋጦ ነው፣ ሠዓሊው ሰው አልሣለም አሉኝ። እኔ አዲስ አበባ ወስጄ በደንብ አስመረምረዋለሁ አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«እሰይ አሉ።»

የመምህር ተክለማርያም ቤት ከአዳራሹ ጀርባ፣ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከሰሜን መጥተው ዲላ ቀርተው፣ አግብተው፣ ሚስታቸውን ቀብረው፣ አሁን ብቻቸውን ይኖራሉ። ታሪኩን ሲያዩ በሁለት እጃቸው ጨበጡትና እንባቸው ወረደ። የውሸት እንባ አልነበረም። ታሪኩ በሃያ ዓመት የፖሊስ ሥራው የውሸት እንባ አይቷል፤ ይሄኛው አፍንጫ ድረስ የሚያቀላ ነው።

«ማን ጨከነ፣ ልጄ?» አሉ። «ማን እጁ ቻለ?»

«ለሥርዓቱ ያህል ልጠይቅዎ፣ ጋሼ። ትናንት በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

ሽማግሌው አንገታቸው ላይ ያለውን ጥቁር ማተብ በሸሚዛቸው ላይ ዳበሱ። «ረቡዕ አይደል? ቅዳሴ ነበርኩ። ረቡዕ ቅዳሴ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ነው፤ የጾም ቀን ነዋ።»

ታሪኩ ጻፈው። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ የወንጌላውያን አማኝ ነው፤ የእሁዱን መዝሙር እንጂ የረቡዕን ቅዳሴ በምን ያውቃል? «ከስድስት እስከ ዘጠኝ፣ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ አሰመረበት። የሚያከብሩትን ሰው ስም ከተጠርጣሪ ዝርዝር ማውጣት እንዴት ደስ ይላል! ሲወጣ ልቡ ቀልሎት ነበር።

ከዚያ ወደ አማኑ ሄደ። ትናንት በአማርኛ ነበር የመረመረው፣ ለመዝገቡ ሲል። ዛሬ በሁለቱም የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ ጀመረ።

«አማኑ፣ ሰሞኑን ያንን ጥግ በተለየ ያየ፣ የነካ ሰው ነበር?»

አማኑ ቀና ብሎ አየው። ቀበቶው ስለተወሰደበት ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ተቀምጧል።

«ትናንት ‘ለምን አደረግከው’ ነበር ያልከኝ። ‘ምን አየህ’ ያልከኝ ዛሬ ነው።»

«አጥፍቻለሁ» አለ ታሪኩ።

አማኑ ተናገረ። ቅዳሜ ዕለት የሬኮ ሽማግሌዎች ሥዕሉ ሳይሄድ እንዲያዩት ተጋብዘው ነበር። ሙሉካ የሚባለው አዛውንት ከሁሉም ኋላ ቀርቶ ጣቱን እዚያች ጥግ ላይ አሳረፈ። አማኑ አይነካም ሊለው ሲል ሽማግሌው «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» አለ።

«ማን ነበር አጠገባችሁ?»

«ብዙ ሰው ነበር። ባለሥልጣኑ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው ልጅ፣ መምህሩ። ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሣ ነበር፤ ማን ያዳምጠዋል።»

ሬኮ እስኪደርስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተኛበት። ሙሉካን ከእንሰቱ ጥላ ሥር፣ ዱላውን በጉልበቱ መሃል አድርጎ አገኘው። ታሪኩ በጌዴኡፋ ሰላምታ ሰጠና የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ ተናገረ። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አየው።

«አያትህ ከዚያች ዋንዛ በታች ይኖር ነበር» አለው። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረ። «ለፖሊስ ነው የመጣኸው? እንግዲያው በአማርኛ ልንገርህ። ያኔም ይሄ ነገር በአማርኛ ነው የተጻፈችው።»

ታሪኩ ብሌን የላከችለትን ፎቶ በስልኩ አሳየው።

«ይቺ ቢጫዋ ገመድ ናት» አለ ሙሉካ ሳያመነታ። «ቀላድ። አዲስ የቃጫ ገመድ ነበር፣ ከሩቅ ታበራለች። መሬት ሊለኩ መጡ። አለቃው ወዲያ ይቆማል፣ ልጁ ወዲህ ጫፉን ይይዛል። ሠዓሊውም ነበረች፤ እዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሦስት ቀን ይሥላል።»

«በትምህርት ቤት ጮራ ነው ብለው ነው ያስተማሩን።»

ሙሉካ ሳቀ፤ ጥርስ የለውም። «ሞተርህ ላይ ገመድ አለ? አምጣ።»

ታሪኩ ዕቃ የሚያስርበትን ገመድ ፈቶ አመጣ። ሽማግሌው አንዱን ጫፍ ራሱ ያዘና ሌላውን አስይዞት ወደ ኋላ ላከው። «ጥበቅ!» አለው። ታሪኩ አጠበቀ። «ምልክት አድርግ፤ ተራመዳት።» አሥራ ሁለት እርምጃ ሆነ። «አሁን ወደ እኔ ና። ገመዱ ሆዷ ይውረድ። ቁም። ተራመዳት።» ዘጠኝ ሆነ።

«ገመዱ ያው አንድ ገመድ ነው» አለ ሙሉካ። «እነሱ ደግሞ እርምጃ አይቆጥሩም፣ ገመድ ይቆጥራሉ። ሲረግብ ብዙ ገመድ ይሆናል። መሬታችን በወረቀት አደገች። ያደገችውን ‘ትርፍ ነው’ ብለው ወሰዷት። አያትህ ዋንዛውን ትቶ ዲላ ወረደ፣ ሸክም ተሸከመ።»

«ልጁ ያውቅ ነበር?»

«አለቃው ‘አርግበው’ ይላል። ልጁ ያረግባል። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ሦስቱንም ቀን እናቴ ናት ምሳ ያበላችው፤ ቆጮ በወተት።» ሙሉካ ገመዱን ጠቅልሎ መለሰለት። «ስሙን አልጠየቅነውም። የገመዱ ልጅ ነው ያልነው።»

ታሪኩ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ቶሎ አላስነሣም። ፎቶውን እንደገና አየ። ቢጫው መስመር ከላይ ሲነሣ ቀጥ ያለ ነው፤ መሃል ላይ ሆዱ ይወርድና እንደገና ቀና ይላል። መምህሩ ይህንን «የዘመናዊ ሥዕል ነፃ መስመር» ይሉት ነበር። የፀሐይ ጮራ አይረግብም! ይህን ለማወቅ ኢንስፔክተር መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። እሱም ዓይን ነበረው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለ በወላጆች ቀን አያቱን ሥዕሉ ፊት አቁሞት ነበር። አያቱ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገመድ ነው» አለ። በፈተናው ላይ ታሪኩ መጀመሪያ የጻፈው ያንኑ ነበር። ከዚያ የክፍሉ መልስ ትዝ አለው፣ ማርኩ ትዝ አለው፣ ሰረዘና «የፀሐይ ጮራ» ብሎ ጻፈ። አሥር ከአሥር አገኘ። ወረቀቱን ቤት ወስዶ ለአያቱ ሲያነብለት ሽማግሌው «እሰይ» አለና ፊቱን ወደ ደጅ አዞረ። በዓመቱ ሞተ። ታሪኩ ያንን ፊት ለሠላሳ ዓመት ላለማየት ሲሸሽ ኖሯል፤ ሬኮ ጭቃ መሃል ደረሰበት።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዲላ ተመልሶ ትጊንና ብሌንን አዳራሹ ጠራቸው። ሥዕሉን አውርደው ገለበጡት። ጀርባው ላይ በታይፕ የተጻፈ ያረጀ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ሬኮ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ጮራ በኮረብታ ላይ» ይላል። ከወረቀቱ ጠርዝ ሥር ግን የጥቁር ቀለም ጭራ ብቅ ብሏል። ብሌን ሞቅ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ አድርጋበት ጠበቁ። ወረቀቱ ሲላቀቅ ከሥሩ በሠዓሊው ብሩሽ የተጻፈ ነገር ወጣ። «ቀላድ። ሬኮ፣ ፲፱፻፶፮» ይላል።

«ይኼን የለጠፈው ማን ነው?» አለች ብሌን።

«ታይፑ የመምህር ተክለማርያም ነው» አለ ታሪኩ፣ በደከመ ድምፅ። «የፈተና ወረቀታችን ሁሉ በዚህ ፊደል ነበር። ግን ሥዕሉን እሳቸው አልቆረጡም። ረቡዕ ቅዳሴ ላይ ነበሩ።»

«ስንት ሰዓት?» አለች ትጊ።

«ከስድስት እስከ ዘጠኝ። የጾም ቀን አይደል?»

ትጊ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «የምን ጾም? ሃምሳ ነው እኮ! ትናንት ፊትህ ተቀምጬ ጥብስ ስበላ አላየኸኝም? ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ቅዳሴው ጠዋት ነው፤ በስድስት ሰዓትማ ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ነው።»

«እኔ በምን ልወቅ?» አለ ታሪኩ።

«እንደማታውቅ ያውቃሉ» አለች ትጊ፤ ሳቋም ቆመ።

የአዳራሹ በር ቁልፍ ከሥዕል ክፍልነቱ ጊዜ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም። ተማሪ ሳሉ በመምህሩ ይስቁ ነበር፤ ማተባቸው ላይ ከመስቀሉ ጎን ቁልፍ ያንጠለጥሉ ስለነበር «ጋሼ ገነትን ቆልፈው ዞሩ» ይሏቸው ነበር። ታሪኩ ዛሬ ጠዋት ሸሚዛቸውን ሲዳብሱ አይቷል። መስቀል መስሎት ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል የመምህሩን በር አንኳኳ። ሽማግሌው ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ኮት፣ ነጠላ፣ የተወለወለ ጫማ።

«ሃምሳ መሆኑን ነገሩህ?» አሉ፣ ሳይነሡ።

«ነገሩኝ።»

«ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ሸምግያለሁ፤ ውሸትም ትዝታ ይፈልጋል።» ወንበር አመለከቱት። «ጠዋት አንተ ስትሄድ ጣቢያው በር ድረስ መጣሁ። የአማኑ ልጅ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር። ተመለስኩ። እግሬ አይደለም የመለሰኝ፣ እኔ ነኝ።»

ታሪኩ ብዙ ጥያቄ አዘጋጅቶ ነበር። አንዱን ብቻ ጠየቀ። «ለምን፣ ጋሼ?»

«ሙሉካ ቅዳሜ ጣቱን ፊቴ ላይ አሳረፈ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ ትከሻችን ይነካካል። ይህን ልጅ አውቀዋለሁ አለ፤ እኔን ግን አላወቀኝም። ሦስት ቀን የእናቱን ምሳ በልቻለሁ። ያቺ ባለሙያም አስመረምረዋለሁ አለች። አዲስ አበባ ወስደው ከሥሩ ስሜን የሚጽፉበት መሰለኝ።»

«ማቃጠል ይችሉ ነበር።»

«የገሪማን እጅ? እንዴት አድርጌ!» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሦስት ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያየን አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ ለካሣ ብዬ ነው ዲላ የመጣሁት፣ ልጆቻቸውን ላስተምር። ሥራ በጀመርኩ ቀን የሥዕል ክፍሉን ከፍቼ ስገባ ግድግዳው ላይ ራሴን አገኘሁት፤ ገመዱን ይዣለሁ። ገሪማ ሥዕሉን ለትምህርት ቤቱ ሰጥቶት ሄዷል። ጀርባው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጮራ ነው ስል አፌ ይደርቅ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ራሴም አመንኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የወጋውም አይረሳም፣ ታሪኩ። ሌላ ስም ያወጣለታል እንጂ።»

ከራስጌያቸው ዳዊታቸውን አንሥተው ገለጡ። ቁራጯ በስስ ወረቀት ተጠቅልላ መዝሙሮቹ መሃል ተኝታለች። ታሪኩ በመዳፉ ተቀበላት። ሦስት ጭረት ናት፤ ቡናማ፣ ነጭ፣ ጥቁር ነጥብ። ከቅርብ ሲያዩት ቁጥቋጦ ነው ሊባል የሚችል ነገር አይደለም። እጁ ያስታውቃል።

«የአንተን የፈተና ወረቀት አስታውሰዋለሁ» አሉ መምህሩ።

ታሪኩ ቀና አላለም።

«ሰርዘኸዋል፤ ከጭረቱ ሥር ግን ይነበባል። ገመድ ይላል። በስንት ዓመት አንድ ልጅ አየልኝ ብዬ ደነገጥኩ። ደግሞም ደስ አለኝ። ጠርቼ ‘ይህን ማን ነገረህ’ ልልህ ተነሥቼ ነበር። ከዚያ ተቀመጥኩና እውነቱን ሰርዞ ውሸቱን ለጻፈ ልጅ አሥር ከአሥር ሰጠሁ።»

«እኔም ተቀበልኩ» አለ ታሪኩ።

ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። በመጨረሻ ሽማግሌው ማተባቸውን በራሳቸው ላይ አውጥተው ቁልፉን ከመስቀሉ ለዩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አቀረቡ።

«አማኑን በወሰድክበት ውሰደኝ። በገበያው በኩል።»

«ገበያው ተበትኗል፣ ጋሼ» አለ ታሪኩ። ካቴናውን አላወጣም። ክንዳቸውን ደግፎ በጭቃው ላይ እያሻገረ ወሰዳቸው፤ ጣቢያ እስኪደርሱ የተነጋገሩት ስለ መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ በዚህ በኩል፣ በዚያ በኩል እያሉ።

ያን ምሽት የኤግዚቢት መዝገቡን ራሱ ሞላ። ትጊ ልሙላልህ ብላው እምቢ አለ። «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ሥር «ከሥዕል የተቆረጠ ጨርቅ» ብሎ ጻፈ። «መግለጫ» የሚለው ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ከዚያ «የረገበ የቀላድ ገመድ ጫፍ የያዘ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት» ብሎ ጻፈ፣ አንድም ፊደል ሳይሰርዝ።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የእስር ክፍሉን ከፈተ። ለአማኑ ቀበቶውንና የጫማ ክሩን መለሰለት። ትንቢት ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

«በኋላ በር በኩል ሂዱ፣ ሰው አይበዛም» አላቸው አንድ ፖሊስ፣ ለመልካም ብሎ።

«አይሆንም» አለ ታሪኩ። «ባመጣሁበት እመልሰዋለሁ።»

ዓርብ ገበያው ይደምቃል። ታሪኩ የደንብ ልብሱን ለብሶ ከአማኑ ጎን ተራመደ። ረቡዕ ዕለት አፏን ይዛ የቆመችው ሽንኩርት ሻጭ ጋ ሲደርስ ቆመና «እናቴ፣ ይህ ሰው ንጹሕ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አላት። ልብስ ሰፊው ጋ ደገመው። ጫማ አዳሹ ጋ ደገመው። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረበት፤ አራተኛው ላይ ቀለለው። ለትንቢት ሽማግሌ የሚልከው ልጅ እናት ሚዛኗን እንደያዘች ሰማችው። አማኑን ከእግር እስከ ራሱ አየችና «ከሳህ፣ አማኑ» አለችው። «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምንመጣው?» ትንቢት ፊቷን ወደ ጎን አዞረች፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

አዳራሹ ሲደርሱ አማኑ በሩን በራሱ ቁልፍ ከፈተ። ሥዕሉ ጥጉ ጎድሎ ግድግዳው ላይ አለ፤ ቢጫው መስመር ኮረብታውን አቋርጦ ይወርድና ባዶው ላይ ያልቃል። አማኑ ከፊቱ ቆሞ አንገቱን አዘነበለ።

«ሰው እየመጣ ይጠይቀኛል» አለ። «ይሄ ቢጫው ምንድን ነው ይሉኛል። ጮራ ነው ስል ነው የኖርኩት። አሁን ምን ልበላቸው?»

ታሪኩ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ገመድ ነው በላቸው» አለ። «አያቴ ነግሮኝ ነበር።»